ተውኔት፣ ፊልም፣ ዘፈን ወይስ በርጩማ? ጅማ ለሚማር ተማሪ የትንተና ሥራ አመራረጥ

የኪነ ጥበብ ትንተና ሲታዘዝ አብዛኛው ተማሪ ከሚወደው ሥራ ይነሳል። መውደዱ አይጎዳም፤ ሥራው ሁለት ሦስት ሳምንት አብሮ ስለሚከርም የሚያሰለች ከሆነ ወረቀቱም ያስታውቃል። ከመውደድ በፊት ግን መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ፤ ይህን ሥራ ስንት ጊዜ ተመልሼ ላየው እችላለሁ? ትንተና የሚቆመው በማስረጃ ነው። ማስረጃ ማለት ደግሞ የገጽ ቁጥር፣ ደቂቃና ሰከንድ፣ ወይም ቦታው ላይ ቆማችሁ የለካችሁትና የቆጠራችሁት ነገር ነው። አንድ ጊዜ አይታችሁት የጠፋ ሥራ ላይ የምትጽፉት ትዝታችሁን ነው፤ መምህሩም ይህን ለማወቅ ከሁለተኛው ገጽ ማለፍ አያስፈልገውም።

ጅማ ላይ ይህ ጥያቄ ይከብዳል። ብሔራዊ ቴአትር 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ነው ያለው። ለአንድ ትርኢት ሄዶ መመለስ ሁለት ቀን፣ የአውቶቡስና የማደሪያ ገንዘብ ይበላል፤ ደግሞ ለማየት መሄድ የማይታሰብ ነው። በአንጻሩ አዲስ አበባ ያለ ተማሪ ደጋግሞ የማያገኘው፣ እዚህ ግን በባጃጅ የሚደረስበት ነገር አለ፤ ጅሬን ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ገበያ ላይ የጅማ በርጩማ፣ በየሰፈሩ መንዙማ። ምርጫው እንግዲህ በእነዚህ መካከል ነው። አንዱ ከሌላው ይበልጣል የሚባል ነገር የለም። ሁሉም የየራሱ ማስረጃ፣ የየራሱ ድካምና የየራሱ ወጥመድ አለው።

አንዱ ትዕይንት፣ ሦስት መልክ

ልዩነቱ በወሬ ስለማይገባ ለምሳሌ ብለን የፈጠርነውን ትዕይንት እንይ። እናት ረከቦቱ ፊት ተቀምጣለች። ለዓመታት ጠፍቶ የቆየው ልጇ በር ላይ ቆሟል። አላየችውም ወይም እንዳላየች ሆናለች። አቦሉን እየቀዳች ለሴት ልጇ «ሲኒ ጨምሪ» ትላለች።

ይህን በታተመ ተውኔት ስታገኙት በእጃችሁ ያለው ሁለት ቃልና ምናልባት አንድ መስመር የመድረክ መግለጫ ነው። ሥራችሁም ከቃሉ ነው። ትእዛዙ ለሴት ልጅ ነው፤ ትርጉሙ የሚደርሰው ለወንዱ ልጅ ነው። እናት ልጇን በስሙ አልጠራችም፣ አልተቆጣችም፣ እንኳን ደህና መጣህ አላለችም። ሲኒ ይጨመር ማለት ግን ይቀመጥ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ባሉት ገጾች ስሙን ስንት ጊዜ ጠርታ ነበር? ከዚህ ትዕይንት በኋላስ በቀጥታ የምታናግረው መቼ ነው? እነዚህን ገጽ እየገለጣችሁ ማግኘት ትችላላችሁ።

መድረክ ላይ ስታዩት ቃሉ ያው ነው፤ ማስረጃው ግን ተለውጧል። ልጁ በስተኋላ ቆሟል ወይስ ተመልካቹ ፊት? በእናትና በልጅ መካከል ስንት እርምጃ አለ? ዝምታው ምን ያህል ቆየ? ሦስት ሰከንድና አሥር ሰከንድ ፍጹም የተለያዩ ትዕይንቶች ይሆናሉ። እናቲቱ ጀርባዋን ለልጇ ፊቷን ለእኛ ከሰጠች እሱ የማያየውን እንባ እኛ እናያለን። ያንን የወሰነው ደራሲው አይደለም፣ አዘጋጁ ነው።

ፊልም ላይ ደግሞ ዓይናችሁ የት እንደሚያርፍ ሌላ ሰው አስቀድሞ ወስኖላችኋል። ካሜራው ሲኒው ላይ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ ልጁን ጨርሶ ሳያሳየን የእግሩን ድምፅ ብቻ ሊያሰማን ይችላል። የምትቀዳበት እጅ በክሎዝ አፕ (በጣም ቀርቦ) ሲታይ መንቀጥቀጧን እናውቃለን፤ መድረክ ላይ ግን ከአሥረኛው ረድፍ የተቀመጠ ሰው ያንን አያይም። ማጀቢያ ሙዚቃ ከገባ የት ላይ እንደገባ፣ ከቃሉ በፊት ይሁን በኋላ፣ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ምርጫችሁን ከዚህ ጀምሩ። ቃል ላይ ማተኮር የሚቀናችሁ ወደ ተውኔት፣ ሰውነትና ቦታ ማየት የሚቀናችሁ ወደ መድረክ፣ ምስልና ድምፅ መቁረጥና መቀጠል የሚስባችሁ ወደ ፊልም ሂዱ።

የታተመ ተውኔት፦ ርካሹና አስተማማኙ

ጊዜ ካጠራችሁ ይህን ምረጡ። መብራት አይፈልግም፣ ዳታ አይበላም፣ ገጹ ነገም እዚያው ነው። ሙሉ ተውኔት ለማንበብ ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» የመሰለ ኮሜዲ ከያዛችሁ ደግሞ ንባቡ ራሱ ያስቃል። ኮሜዲ ግን ቀላል ይመስላል እንጂ ለትንተና ከትራጄዲ ይከብዳል። ለምን እንዳሳቀ መናገር ለምን እንዳስለቀሰ ከመናገር ይልቅ ብዙ ሥራ አለው።

ንባቡ ሦስት ጊዜ ይሁን። መጀመሪያ እርሳስ ሳትይዙ፣ በአንድ ቁጭታ፣ እንደ ተመልካች። ሁለተኛው ላይ መግቢያና መውጫ ብቻ ምልክት አድርጉ፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ ማን መድረክ ላይ ሆኖ ዝም አለ። ሦስተኛው ላይ የመድረክ መግለጫዎችን ብቻ ለይታችሁ አንብቡ። ተማሪ ብዙ ጊዜ በቅንፍ ያሉትን እነዚህን መስመሮች ይዘላቸዋል፤ ደራሲው በራሱ ድምፅ የሚናገርባቸው ብቸኛ ቦታዎች ግን እነሱ ናቸው።

ከዚያ አንድ ነጠላ ወረቀት ላይ ሠንጠረዥ አስምሩ። ወደ ታች ገቢር (የተውኔቱ ዋና ክፍል) እና ትዕይንት፣ ወደ ጎን የገጸ ባሕርያት ስም። እያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ያ ሰው በዚያ ሰዓት የሚያውቀውን ምስጢር ጻፉ። ግማሽ ሰዓት ይወስዳል፤ ሲያልቅ ግጭቱ የት እንደተጠመደ ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል። ጡዘቱ (ግጭቱ ጫፍ የሚደርስበት ቦታ) ብዙውን ጊዜ ያላወቀው ሰው የሚያውቅበት ሳጥን ላይ ነው።

የሚበላሸውስ? አንደኛ፣ ተውኔቱን እንደ ልቦለድ ማንበብ። «ደራሲው ሴትን ዝቅ አድርጎ ያያል» ተብሎ ይጻፍና ማስረጃው ሲፈለግ አንድ ክፉ ገጸ ባሕርይ የተናገረው ቃለ ተውኔት ሆኖ ይገኛል። ገጸ ባሕርይው ያለውን ደራሲው አላለም፤ ተውኔቱ ያንን ሰው በመጨረሻ ምን አደረገው የሚለው ነው የደራሲውን ሐሳብ የሚጠቁመው። ሁለተኛ፣ የፎቶ ኮፒ ጣጣ። ከጓደኛ ወደ ጓደኛ የተላለፈ ኮፒ ገጽ ይጎድለዋል፣ የገጽ ቁጥሩ ተቆርጦ ይቀራል፣ ሽፋኑ ስለሌለ የኅትመት ዘመኑ አይታወቅም። ከመጀመራችሁ በፊት ገጾቹን ቁጠሩ። ስትጠቅሱም ከገጹ ጋር ገቢሩንና ትዕይንቱን አብራችሁ ጻፉ፤ በሌላ ዕትም ገጹ ቢለወጥ እንኳ ቦታው ይገኛል።

መድረክ ላይ የታየ ትርኢት

ከሁሉም የሚያምረው፣ ከሁሉም የሚያስቸግረው ይህ ነው። የዩኒቨርሲቲ ክበብ ወይም የከተማ ቡድን ሲያቀርብ እድሉን አታሳልፉት፤ ሁለት ነገር ካልተሟላ ግን ለወረቀት አትምረጡት። ትርኢቱ ቢያንስ ሁለት ጊዜ መታየት አለበት፣ ጽሑፉንም ከቡድኑ ማግኘት አለባችሁ። ተማሪ ነኝ ብሎ አዘጋጁን በትሕትና የጠየቀ ብዙ ጊዜ አያፍርም። እንዲያውም የመጨረሻውን ልምምድ ገብታችሁ እንድታዩ ከፈቀዱላችሁ ከትርኢቱ ይበልጥ ይጠቅማችኋል፤ አዘጋጁ አቁሞ ሲያስተካክል ምን እንደፈለገ በጆሯችሁ ትሰማላችሁ።

በመጀመሪያው ቀን ምንም አትጻፉ፣ እዩ ብቻ። እንደወጣችሁ ግን ወደ ካፌ ወሬ ሳትሄዱ ያያችሁትን አስፍሩ፤ ሌሊቱ ሲያልፍ ግማሹ ይጠፋል፣ ከጓደኛ ጋር ከተወራ ደግሞ የጓደኛችሁ አስተያየት የእናንተ ይመስላችኋል። በሁለተኛው ቀን ባዶ ወረቀት ላይ መድረኩን ዘጠኝ ቦታ ከፍላችሁ ሥሩ፤ ፊት፣ መሐል፣ ኋላ፤ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ። ግራና ቀኙ በተዋናዩ በኩል ነው፣ በተመልካቹ አይደለም። ይህ ተምታቶ የወረቀቱ ገለጻ ሁሉ ተገልብጦ የቀረባቸው ብዙ ናቸው። ሦስት ወሳኝ ትዕይንቶች ብቻ መርጣችሁ ማን ከየት ወዴት እንደሄደ በቀስት አሳዩ። ሙሉውን ለመከተል የሞከረ ሰው ወረቀቱን እንጂ መድረኩን አያይም።

ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ነውር ከመሆኑም በላይ ዋጋ የለውም፤ ከሩቅ የተቀረጸ ቪዲዮ ፊቱንም ድምፁንም አያስቀርም። በዝናብ ወራት ደግሞ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ ውስጥ ቃለ ተውኔቱ ራሱ ላይሰማ ይችላል። መብራት ሄዶ በጄኔሬተር የተሠራ ትርኢት ካጋጠማችሁ የመብራቱን ንድፍ አትተንትኑ፤ ያያችሁት የአዘጋጁ ምርጫ ላይሆን ይችላል።

ፊልም

ተማሪ በብዛት የሚመርጠው ይህን ነው፤ በብዛት የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ፊልም ስለለመድነው የምናውቀው ይመስለናል። ውጤቱም ሦስት ገጽ የታሪክ ትረካና አንድ አንቀጽ «የተዋንያኑ ብቃት ግሩም ነው» ይሆናል።

መጀመሪያ የቅጂው ጉዳይ። በዩቲዩብ የሚገኙ የአማርኛ ፊልሞች ሁሉ ሙሉ አይደሉም። አንዳንዱ ጎንና ጎኑ ተቆርጧል፣ አንዳንዱ ትዕይንት ተዘሎበታል፣ አንዳንዱ በባለመብት ጉዳይ ሙዚቃው ተለውጧል። የፊልሙን ርዝመት በሌላ ቦታ ከተጻፈው ጋር አመሳክሩ። ለምሳሌ የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» (2008 እ.ኤ.አ.) 140 ደቂቃ ያህል ነው፤ 110 ደቂቃ የሆነ ቅጂ ካገኛችሁ ግማሽ ሰዓት ጠፍቷል ማለት ነው። ይህ ፊልም ከአሁን ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ አሁን እየተመላለሰ የሚተረክ በመሆኑ ደግሞ የጠፋው ትዕይንት ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለበት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ፣ አውርዱት። በኢንተርኔት እየቆራረጠ የሚታይ ፊልም ላይ የኤዲቲንግ ፍጥነት ማውራት አይቻልም። በ480 ጥራት አንድ ሰዓት ፊልም ከግማሽ ጊጋባይት በላይ ሊበላ ስለሚችል አምስት ጊዜ በኢንተርኔት ከማየት አንድ ጊዜ ማውረድ ይረክሳል። ከ360 በታች ግን አትውረዱ፤ የጨለማ ትዕይንት ሁሉ ጥቁር ጭቃ ሆኖ ይቀራል፣ ስለ ብርሃን የምትጽፉትም ስለ ቅጂው ጉድለት ይሆናል። ስልክ ላይ ማየት ካለባችሁ የጆሮ ማዳመጫ አድርጉ። የፊልም ግማሹ ድምፅ ነው፤ በስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ የሩቅ አዛን፣ የዝናብ፣ የውሻ ጩኸት አይሰማም።

እይታው ሦስት ዙር ነው። በመጀመሪያው ሙሉውን። በሁለተኛው እየቆማችሁ፣ ትዕይንቶቹን በአንድ አንድ መስመር ከመነሻ ሰዓታቸው ጋር መዝግቡ፤ የዘጠና ደቂቃ ፊልም ከአርባ እስከ ሰባ መስመር ሊወጣው ይችላል። ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ አንድ ትዕይንት ምረጡ። የአምስት ገጽ ወረቀት ከዚህ በላይ አይሸከምም። በሦስተኛው ዙር ያንን ትዕይንት ሾት በሾት (ሳይቆረጥ የተቀረጸውን እያንዳንዱን ምስል ለየብቻ) ዘርዝሩት። መዝገቡ ይህን ይመስላል፤

ሾት 7፤ ከ00፡41፡12 እስከ 00፡41፡20፤ ክሎዝ አፕ፤ ካሜራው አይንቀሳቀስም፤ ሲኒ፣ እጅ፣ እንፋሎት፤ የእግር ድምፅ ከፍሬሙ ውጭ፤ ሙዚቃ የለም።

ሾት 8፤ ከ00፡41፡20 እስከ 00፡41፡22፤ ሎንግ ሾት (ከሩቅ)፤ በር፣ ብርሃን ከኋላ፣ የሰው ጥላ፤ የእግሩ ድምፅ ቆመ።

እንዲህ ስትዘረዝሩ ዓይን ያለፈው ነገር ይወጣል። ስምንት ሰከንድ ለሲኒ፣ ሁለት ሰከንድ ለመጣው ሰው። ትንተናው እዚህ ተጀመረ፤ ፊልሙ ከልጁ መምጣት ይልቅ የእናቲቱን መጠበቅ መርጧል። ከዚያ ሾቶቹን ቁጠሩና የትዕይንቱን ሰከንድ ለቁጥራቸው አካፍሉ። ሦስት ደቂቃ ውስጥ 12 ሾት ካለ አማካዩ 15 ሰከንድ ነው፣ 45 ካለ 4 ሰከንድ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም አይናገርም፤ ከሌላ ትዕይንት ጋር ሲነጻጸር ነው ትርጉም የሚሰጠው። ስለዚህ ከዚያው ፊልም የተለየ ስሜት ያለውን አንድ ሌላ ትዕይንትም ቁጠሩ።

የፊልም ትንተና የሚሞትበት ሌላው ቦታ ምልክት ፍለጋ ነው። ቀይ ነጠላ ደም፣ ነጭ ነጠላ ንጽሕና፣ ዝናብ እንባ፤ ይህ ሟርት እንጂ ትንተና አይደለም። አንድ ቀለም ትርጉም አለው ለማለት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ መደገሙን አሳዩ። ኃይሌ ገሪማ በ1976 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የመሰለ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከመረጣችሁ ደግሞ ከዚህ ፈተና ትገላገላላችሁ፤ የቀረው ብርሃንና ጥላ፣ የፊትና የመሬት ሸካራነት ነው። ለጀማሪ እንዲያውም ዓይን ይገራል።

የንግድ ፍቅር ፊልም መምረጥ ነውር ነው ብሎ የሚያስብ ተማሪ አለ። አይደለም። ቀመሩን የተከተለ ፊልም ቀመሩን ለማሳየት ይመቻል፤ ሀብታሙ ቤት እንዴት ይቀረጻል፣ ድሃው ሰፈር ሲመጣ ሙዚቃው ምን ይሆናል፣ ስልክ ሲደወል ትዕይንቱ ለምን ሁልጊዜ ይቆረጣል። ወረቀቱ «ፊልሙ ደካማ ነው» ብሎ ካለቀ ግን ያ ሂስም አይደለም። የት ላይ፣ በስንተኛው ደቂቃ፣ በምን ምክንያት እንደደከመ ይነገር።

የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማን በተመለከተ ምክራችን አጭር ነው፤ አትምረጡ፣ ከመረጣችሁም አንድ ክፍል ብቻ ያዙ። ስልሳ ክፍል ያለው ድራማ ላይ ሙሉ ትንተና ጻፍኩ የሚል አላየውም ማለት ነው።

ዘፈንና መንዙማ

ዘፈን አጭር ስለሆነ የሚቀል ይመስላል። አምስት ደቂቃ ናት፤ ሃያ ጊዜ ሰምታችሁም ሁለት ሰዓት አይሞላም። ወጥመዱ ግጥሙን ብቻ ጽፎ ሰምና ወርቁን ፈትቶ ማቆም ነው። ያ የግጥም ትንተና ነው። ዘፈን ከሆነ ቅኝቱ (ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል ወይስ አንቺሆዬ)፣ የትኛው ስንኝ እንደተደገመ፣ ዘፋኙ የትኛው ፊደል ላይ ድምፁን እንዳስረዘመ፣ መሣሪያው የት ገብቶ የት ዝም እንዳለ መነገር አለበት። ቅኝት በጆሮ መለየት ካልቻላችሁ ክራር የሚመታ ሰው ፈልጉና አብራችሁ ስሙት፤ ገምቶ መጻፍ ከሁሉ የከፋ ነው። ጆሯችሁ ካልተገራና የሚረዳችሁ ከሌለ ሌላ ሥራ ምረጡ።

መንዙማ በጅማ ዙሪያ በኦሮምኛም በአማርኛም ይዜማል። መሪው ያወጣል፣ ተቀባዩ ይመልሳል፣ ድቤው ይይዛል። ለትንተና ሀብታም ነው፤ የመሪውና የተቀባዩ ድርሻ እንዴት እንደሚለዋወጥ፣ ፍጥነቱ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚጨምር ብቻ ሙሉ ወረቀት ይወጣዋል። ግን አምልኮ ያለበት ስብሰባ ነውና ሳያስፈቅዱ መቅረጽ አይገባም። ፈቃዱ በሰፈሩ ሽማግሌ ወይም በሚያውቃችሁ ሰው በኩል ይጠየቅ። ቋንቋው የማይገባችሁ ከሆነ ደግሞ በትርጉም ላይ ተመሥርታችሁ ስለ ስንኙ አትተንትኑ፤ በድምፁና በአቀባበሉ ላይ ብቻ ተወሰኑና ያንን በመግቢያችሁ በግልጽ ጻፉ። በኦሮምኛ ለሚቀርብ ቴአትርም ምክሩ ያው ነው። አፍ መፍቻው ኦሮምኛ የሆነ ተማሪ ግን እዚህ ላይ ሌላው የማይደርስበት ብልጫ አለው፤ ለምን በአማርኛ ፊልም ይጀምራል?

ጅሬንና በርጩማው

ቤተ መንግሥትና የቤት ዕቃ የ«ኪነ ጥበብ ትንተና» ውስጥ ይገባል ወይ ብሎ የሚጠራጠር ካለ መምህሩን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከተፈቀደ ግን ጅማ ላለ ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምርጫ ያለ አይመስለንም። ሥራው እዚያው ቆሟል፣ አራት ጊዜ ሄዳችሁ አራት ጊዜ ታዩታላችሁ፣ የሚገለበጥ ወረቀትም ኢንተርኔት ላይ የለም።

ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን ገዝተዋል። ቤተ መንግሥታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፤ በእንጨት ሥራው ይታወቃል። በመጀመሪያው ጉብኝት አስጎብኚውን ተከተሉ፣ የሚሉትን መዝግቡ። በሁለተኛው ብቻችሁን ዙሩ። አስጎብኚው የነገሯችሁ ታሪክ ምንጭ ነው፣ ዓይናችሁ ያየው ደግሞ ማስረጃ ነው፤ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ካልተለዩ ትንተናው የጉብኝት ማስታወሻ ይሆናል።

ሥራው በእግር ይጀመራል። በእርምጃ እየለካችሁ የአንዱን ቤት ንድፍ ሥሩ፤ በሮች፣ ደረጃ፣ በረንዳ። ከዚያ እንግዳ ሆናችሁ አስቡ። ከውጭ የመጣ ሰው እስከ የት ይደርሳል? ከየት ቦታ ቆሞ ማን ይታየዋል? ከላይ ያለው ሰው ከታች ያለውን ያያል፣ ከታች ያለው ግን ላይኛውን ያያል? ሥልጣን በእንጨት እንዴት እንደተሠራ የሚታየው እዚህ ነው፤ መድረክ ከተነተነ ተማሪ ለዚህ ዓይኑ ዝግጁ ነው። ጌጡን ለማየት ጠዋት ሂዱ፤ በጎን የሚመጣ ብርሃን ቅርጹን ያወጣዋል፣ ቀትር ላይ ይጠፋል። በቅርብ ዓመታት እድሳት ስለተደረገለት የትኛው እንጨት አሮጌ የትኛው አዲስ እንደሆነ ጠይቃችሁ ለዩ፤ አዲስ የገባን ጣውላ የአባ ጅፋር ዘመን አናጢ ጥበብ ብሎ ማድነቅ ያሳፍራል። ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናቡ ስለሚበረታ ጉብኝቱን ጠዋት አድርጉት፣ ፎቶ ማንሳት የሚፈቀድበትንም ጠይቁ።

በርጩማው ደግሞ ለአጭር ወረቀት የተፈጠረ ነው። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ተጠርቦ የሚወጣ፣ ብዙ ጊዜ ባለ ሦስት እግር ነው። ማጣበቂያ የለም፣ ምስማር የለም። ሦስት እግር መሆኑ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ባለ አራት እግር ወንበር ወለሉ ካልተስተካከለ ይወዛወዛል፣ ሦስት ነጥብ ግን በየትኛውም መሬት ላይ ሦስቱም ይረግጣሉ። ሜትር ይዛችሁ ቁመቱን፣ የመቀመጫውን ስፋት፣ የጎድጓዱን ጥልቀት ለኩ። ገልብጣችሁም ሆዱን እዩ፤ ላይኛው ተለስልሶ ከተጠረገ ሆዱ ላይ የመሣሪያው ምልክት ቀርቶ ይሆናል፣ እሱ አሠራሩን ይነግራችኋል። ገበያ ላይ አዲስ የተጠረበና ሙዚየም ውስጥ የሚታይ አሮጌ አነጻጽሩ፤ የእግሩ ውፍረት ተለውጧል? ጌጡ በዛ ወይስ አነሰ? ለቱሪስት የሚሠራውና ለቤት የሚሠራው በምን ይለያል? አናጢውን ስትጠይቁ «ይህ ምን ማለት ነው?» አትበሉ፤ ለእንግዳ የሚመች መልስ ታገኛላችሁ። «ይህን እግር ለምን አጎበጥከው? ቀጥ ቢል ምን ይሆናል?» በሉት።

ሥዕልን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፤ ከስልክ ስክሪን ላይ ትልቅ ሥዕል አትተንትኑ። የአፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፤ መዳፍ በማታክል ፎቶ ላይ ስለ ግዝፈቱና ስለሚያልፍበት ብርሃን ምን ይባላል? ፊት ለፊት ቆማችሁ የምታዩት የከተማው ግድግዳ ላይ ያለ ሥዕል ወይም የሱቅ ታፔላ ይሻላል።

ከወረቀቱ መጠንና ከቀኑ ጋር ሲመዘን

ሦስት ቀን ብቻ ካላችሁ፣ ወረቀቱም ሁለት ሦስት ገጽ ከሆነ፣ የተውኔት አንድ ትዕይንት ወይም በርጩማ። አንድ ሳምንትና አምስት ገጽ ካለ የፊልም አንድ ትዕይንት በቂ ነው፤ ዝርዝሩን ለማውጣት ብቻ ሁለት ምሽት መድቡ፣ ላፕቶፑንም ቀን ላይ ቻርጅ አድርጉ። ወር ካላችሁና የመመረቂያ ጽሑፍ ከሆነ ጅሬን ወይም ጽሑፉ በእጃችሁ ያለ የመድረክ ትርኢት ይሻላል። ሁለት ሥራ የሚያነጻጽር ወረቀት ከታዘዘ አንድ የጋራ ነገር ያላቸውን ያዙ፤ ተውኔቱንና ከተውኔቱ የተሠራውን ትርኢት፣ ወይም አንድ ጉዳይ፣ ለምሳሌ ጠለፋን፣ አንዱ በኮሜዲ ሌላው በትራጄዲ የያዙ ሁለት ሥራዎች። በምንም የማይገናኙ ሁለት ሥራዎች ከተመረጡ ወረቀቱ ለሁለት ተከፍሎ ይቀራል።

አሁንም በሁለት ሥራዎች መካከል ከዋለላችሁ ለእያንዳንዱ ሠላሳ ደቂቃ ስጡት። ሥራውን ከፍታችሁ፣ «ቆንጆ» «ደካማ» «ልብ የሚነካ» የሚል ቃል ሳትጠቀሙ፣ የሚታይና የሚሰማ ነገር ብቻ ዘርዝሩ፤ እያንዳንዱ ከገጹ ወይም ከሰከንዱ ጋር። አሥር ካልሞላ ሥራው አልከፈተላችሁም ወይም ቅጂው መጥፎ ነው። አሥር ከሞላ ከመካከላቸው ሁለቱ እርስ በርሳቸው የማይስማሙ መሆናቸውን ፈልጉ፤ እናት ሲኒ ታስጨምራለች፣ ግን ዞር ብላ አታይም። የወረቀቱ ጥያቄ ከዚያ ይወጣል። ለመምህሩ የምታቀርቡት ርዕስም የሥራውን ስም፣ የትኛውን ትዕይንት ወይም ክፍል፣ ያንን አለመስማማት በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቅጂው የት እንደሚገኝ ይያዝ። አምስት መስመር ይበቃል፤ መምህሩ ሥራውን ካላየው ደግሞ ፊልሙን በፍላሽ፣ ተውኔቱን በኮፒ አብራችሁ ስጡ።